መረብ፣ ሸራ ወይስ ሣር፦ ለኮምቦልቻ ጓሮ የትኛው ጥላ ይሻላል?

እኛ ዘንድ ሙቀቱ የሚብሰው ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ በግንቦትና በሰኔ ነው። በእነዚህ ወራት ዶሮዎቼ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ጀምሮ አፋቸውን ከፍተው፣ ክንፋቸውን ከሰውነታቸው አርቀው ይቆማሉ። ዶሮ አታልብም፤ ሙቀቷን የምታስወጣው በማለክለክ ነው፤ አየሩ 30 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ ትጨነቃለች። ቲማቲሙም አበባውን ያረግፋል። ደሴ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ስትሆን ደሴ 2,500 ሜትር ትደርሳለች። የደሴዋ እህቴ መረብ ልግዛ ወይ ብላ ስታማክረኝ «አንቺስ ለሌሊቱ ብርድ አስቢላቸው» አልኳት።

ለአትክልት ምርጫዬ የጥላ መረብ ነው። ብርሃኑን ይቀንሳል፣ ንፋሱን ግን ያሳልፋል። ሻጩ 50 ወይም 75 የሚለው መረቡ ከመቶ የሚከለክለውን ብርሃን ነው። ለቲማቲምና ለቃሪያ ከ50 አይለፉ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ግንዱ ይመዘዛል እንጂ እንደ ልብ አያፈራም።

ሸራ ብዙ ቤት ስለማይጠፋ ሰው የሚጀምረው በእሱ ነው፤ እኔም ጀምሬበታለሁ። ብርሃኑንም ንፋሱንም አንድ ላይ ዘጋብኝ። ቆስጣው ገርጥቶ ወደ ጠርዙ ተንጋደደ፤ ከሰዓት በኋላ እጄን ከሥሩ ስሰድ አየሩ ምጣድ የተጣደበት ጎጆ ይመስል ነበር። ሸራዎን ለዝናብ ያቆዩት።

ለዶሮ ቤት ግን መረብ ብቻውን አይበቃም፤ 75ቱ ለመዋያቸው ጥሩ ነው፣ ለጣሪያ አይሆንም። ቆርቆሮ ዝናብ ይከለክላል፣ ዕድሜም አለው፤ የጠጣውን ሙቀት ግን ወደ ታች ይለቀዋል። ሣር በውስጡ በያዘው አየር ምክንያት ከሁሉም ይቀዘቅዛል። ሆኖም ተባይና አይጥ ያስጠጋል፣ እሳት ያሰጋል፣ ማደሱም አያልቅም። እኔ ከቆርቆሮው አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጌ ሰሌን ወጠርኩ፣ የግድግዳውንም የላይኛውን እኩሌታ በሽቦ መረብ ቀየርኩት። አዲስ ጣሪያ ከመግዛት ይህ ይቀላል። የሥጋ ዶሮ የሚያረባ ሰው በዚህ ላይ ባይቆጥብ ይሻለዋል፤ ቶሎ የምትሞተው ከባዷ ናት። አንገታቸው ላባ የሌለው የሐበሻ ዶሮዎች ከሌሎቹ ይበልጥ ይችሉታል።

የውሃ መጠጫስ? ሸክላ ውሃው በገላው እየሰረገ ሲተን ይቀዘቅዛል፣ ነገር ግን ይሰበራል፣ ለማጠብም ያስቸግራል። ፕላስቲኩን ጥላ ውስጥ አስቀምጦ ውሃውን እኩለ ቀን ላይ መቀየር ይበልጣል። መኖውን ደግሞ ማለዳና አመሻሽ ይስጧቸው፤ ምግብ ሲፈጭ ራሱ ሙቀት ይፈጥራል።

መረቡን ሲገዙ ጫፉን በሁለት እጅዎ ይሳቡት፤ ክሩ ከተላቀቀ ይተዉት። ከመደቡ በላይ ሁለት ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ይወጥሩት፤ ቅጠሉ ላይ የተኛ መረብ ቅጠሉን ያቃጥላል።