3,000 ብር ከፍዬ ሪፈረንሴን አስበላሁ

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፤ ፊደል ብስት ይቅር በሉኝ። ከሱቁ ከወጣሁ ገና ሁለት ሰዓት አልሞላኝም።

ስድስት ኪሎ አካባቢ የምትመላለሱ እነዚህን ቤቶች ታውቋቸዋላችሁ። በር ላይ ፎቶ ኮፒ፣ ጥረዛ፣ ላሚኔሽን። ከላይ ደግሞ «ፕሮፖዛል፣ ኤስፒኤስኤስ፣ ሪፈረንስ እናስተካክላለን» የሚል ባነር። አንድ ልጅ ኮምፒውተር ላይ፣ አንዲት ገንዘብ ተቀባይ፣ ፍላሽ ይዞ የተሰለፈ ተመራቂ። ስሙን አልጽፍም። አንዱን ብትሸሹ ጎኑ ያለው ያው ነው።

ጽሑፌን የሠራሁት ኤፒኤ በሚባለው የሪፈረንስ አጻጻፍ ነበር፤ 52 ሪፈረንስ፣ ማለትም የጠቀስኳቸው ምንጮች፣ አለው። ልልክለት ያሰብኩት ጆርናል ግን የሚቀበለው ቫንኩቨር የሚባለውን አጻጻፍ ነው። ኤፒኤ ላይ ዝርዝሩ በፊደል ተራ ነው የሚሄደው። ቫንኩቨር በቁጥር ነው፤ ጽሑፉ ውስጥ መጀመሪያ የተጠቀሰው 1፣ ቀጥሎ የመጣው 2 እያለ ይሄዳል። መረጃው በሥርዓት የተሞላ ሜንደሌይ (ሪፈረንስ የሚያደራጅ ፕሮግራም) ላለው ሰው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። እኔም ሜንደሌይ አለኝ። የሞላሁት ግን እንደነገሩ ነው። አንዱ ገጽ የለውም፣ አንዱ ቅጽ የለውም፣ አንዱ ዲኦአይ (ጽሑፉን ኢንተርኔት ላይ የሚከፍተው መለያ ቁጥር) የለውም። ቁጭ ብዬ መሙላት ሰለቸኝ። እውነቱ ይሄው ነው።

«እህቴ፣ ነገ ጠዋት ነይ» አለኝ ልጁ። 3,000 ብር፣ ሙሉው በቅድሚያ፣ በቴሌብር። ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ሲያልቅ ብል ገንዘብ ተቀባይዋ ቀና ብላ አየችኝና «ካላመንሽን ሌላ ቤት ሞክሪ» አለች። አፍሬ ከፈልኩ። ለምን እንዳፈርኩ እስካሁን አልገባኝም።

በማግስቱ ፋይሉን ተቀበልኩ። ያምራል። ቁጥሮቹ በቅንፍ ተቀምጠዋል፣ ጎዶሎ የነበሩት ሁሉ ሞልተዋል። ገጽ ያልነበረው ገጽ አግኝቷል፣ ዲኦአይ ያልነበረው ዲኦአይ አግኝቷል። ልጁ ሌሊቱን ሲፈልግ ያደረ መስሎኝ አመሰገንኩት! ከዚያ በዋናው ፋይል ላይ ሴቭ አድርጌ፣ አንዱንም ሳልከፍት ላክሁት።

ትናንት ማታ ከኤዲተሩ ኢሜል መጣ። ጽሑፉ ለገምጋሚ ሳይደርስ ተመልሷል። ቁጥሮቹ ቅደም ተከተል የላቸውም፤ 9፣ 14 እና 31 የተባሉት ደግሞ ተፈልገው አልተገኙም። ኢሜሉ ለአማካሪዬም ደርሷቸዋል፣ አብረውኝ ጸሐፊ ናቸውና። ደወሉ።

«14ኛው ላይ ያለውን ጽሑፍ መቼ ነው የጻፍኩት? ንገሪኝ እስቲ» አሉኝ።

14ኛው የራሳቸው ነው። ማለቴ፣ የራሳቸው ነበር። ስማቸው አለ፣ ርዕሱ ግን እሳቸው ጽፈውት የማያውቁት ነው። ጆርናሉም ሌላ፣ ዓመቱም ሌላ።

ሌሊቱን ፋይሉን ስበረብር አደርኩ። ዝርዝሩን በፊደል ተራ እንዳለ ትቶ ከ1 እስከ 52 ቁጥር ለጥፎበታል። የመግቢያዬ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር በ23 ይጀምራል። የዓለም ጤና ድርጅትን ሰው አድርጎ «ኦርጋናይዜሽን ደብሊው ኤች» ብሎታል፤ አባቱ አቶ ኦርጋናይዜሽን መሆናቸው ነው። የድሮው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስም «ኤጀንሲ ሲ ኤስ» ሆኖ ቁጭ ብሏል። የሐበሻ ስምማ አይነሳ። እኛ ያለን የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም አይደለም፣ ይሄን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። አንዱን ተመራማሪ አንድ ቦታ በራሱ ስም፣ ሌላ ቦታ በአባቱ ስም አስገብቶ ሁለት ሰው አድርጎታል። ቫንኩቨር የጆርናል ስም ያሳጥራል አይደል? ከአገራችን የጤና ጆርናሎች አንዱ ሲያጥር በ«ዴቭ» (ዴቨሎፕመንት) ያልቃል፣ ሌላው በ«ሳይ» (ሳይንስስ)። እሱ ሁለቱንም «ሳይ» ብሏቸዋል። ቁጥሮቹን ስነካቸው ደግሞ ግራጫ አይሆኑም። የሜንደሌይ ግንኙነቱ ተበጥሷል፣ ሁሉም ተራ ጽሑፍ ነው። አንድ ሪፈረንስ ብጨምር ከዚያ በታች ያለውን በሙሉ በእጄ ማረም ሊኖርብኝ ነው።

ዛሬ ከምሳ በኋላ ሄድኩ። ልጁ አላወቀኝም፤ ወይም ያላወቀ መሰለ። የቴሌብሩን መልእክት አሳየሁት። «ምን ሆነ ታዲያ?» አለ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ። ፍላሼን ሰክቶ ከፈተው። «14ኛውን እይልኝ፣ እንዲህ የሚባል ጽሑፍ የለም» አልኩት።

14ኛውን ኮፒ አደረገ። ከዚያ የኤአይ ቻት ከፈተ። በጎን በኩል የድሮ ንግግሮቹ ተደርድረዋል፤ «ወደ ቫንኩቨር ቀይር»፣ «ወደ ኤፒኤ ቀይር»፣ «ጎዶሎውን ሙላ»። ወደ ታች ማለቂያ የለውም። የስንቱ ሰው ድካም ነው ብዬ ሳስብ እሱ ፔስት አድርጎ «ይሄ ትክክል ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሁለት ሰከንድ አልፈጀም። «አዎ፣ ይህ ሪፈረንስ በትክክለኛው የቫንኩቨር አጻጻፍ የተዘጋጀ ነው።»

ልጁ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ። «ይኸው! ትክክል ነው ይላል እኮ።»

ሳቅም እንባም አንድ ላይ መጡብኝ። የፈጠረውን ራሱን ምስክር ጠርቶ ሊያስመሰክርብኝ ነው። በስልኬ ዲኦአዩን ከፍቼ አሳየሁት፤ አልተገኘም ይላል። «ኔትወርክ ይሆናል» አለኝ። 8ኛውን ከፈትኩለት፣ ወዲያው መጣ። 31ኛውን ከፈትኩ፣ ስለ ዓሣ እርባታ የተጻፈ ነገር መጣ። የእኔ ጥናት ስለ እርጉዝ እናቶች ክትትል ነው።

«እህቴ፣ እኛ የምንሠራው ፎርማት ነው። ዳታው ያንቺ ነው። ደሞ ሪቪወር ይሄን ሁሉ ሲከፍት አይውልም።»

ብሬን መልሱልኝ አልኩ። ገንዘብ ተቀባይዋ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በእስክሪብቶዋ ጠቆመችኝ። «የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም»። እሱም ኮፒ ነው፣ ቀለሙ የደበዘዘ። የተሰለፉት ልጆች ዞረው ያዩኛል። ስወጣ ሴትዮዋ ድምጿን እንኳ ሳትቀንስ «ታዲያ ራሷ አትሠራውም ነበር?» ስትል ሰማኋት።

የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ እውነቷን ነው። እኔ እኮ የጥናት ዘዴ አስተምራለሁ! ባለፈው ሴሚስተር ነጥብና ኮማ አዛብቷል ብዬ ማርክ የቀነስኩበት ልጅ አለ። ይሄን ካነበብክ ይቅርታ፣ ቢሮ ና።

ለማንኛውም ዞቴሮ የሚባለው እንደ ሜንደሌይ ያለ ፕሮግራም ነጻ ነው፣ ስታይሉን ከቫንኩቨር ወደ ኤፒኤ የምትቀይሩት ራሳችሁ ናችሁ። የግድ ለሰው ከሰጣችሁ ዋናውን ፋይል ሌላ ቦታ አስቀምጡ፣ ሙሉውን አትክፈሉ፣ ሲመለስላችሁ ዲኦአዮቹን አንድ በአንድ ክፈቱ። ጎዶሎው በአንድ ሌሊት ሞልቶ ካገኛችሁት ደግሞ እንደኔ አታመስግኑ።

የ14ኛው ትክክለኛ ርዕስ ተገኝቷል። አማካሪዬ ራሳቸው ናቸው የላኩልኝ፣ ያለ ሰላምታ። አሁን 15ኛው ላይ ነኝ።