የእናቴን ችግር ጠይቀውና ለክተው ለለዩልን ሐኪምና ሲስተር የቀረበ ምስጋና

ይህን ምስጋና የምጽፈው በእናቴ ፈቃድ ነው። እንዲያውም «ስሜን አትጥሪ እንጂ ነገሩን ጻፊው፤ እንደኔ አፍና የተቀመጠች ስንት አለች» ያለችኝ እርሷ ናት። እናቴ 63 ዓመቷ ነው፤ ስድስት ልጆች ወልዳ አሳድጋለች። ከአራት ዓመት ወዲህ ሽንት ያመልጣት የነበረ ቢሆንም፣ እኛ ልጆቿ ያወቅነው ባለፈው ዓመት ዐቢይ ጾም ላይ ነው። በጾም ከቤተ ክርስቲያን የማትለይ ሰው፣ ስግደት ባለበት ቀን ሁሉ «ጉልበቴን አሞኛል» እያለች ቤት መዋል አበዛች። ታናሽ እህቴ አልጋዋን ስታነጥፍ ከአሮጌ ነጠላ የተቀደዱ፣ በጥንቃቄ የተጣጠፉ ጨርቆች ከፍራሹ ሥር አገኘች። ስንጠይቃት ስትሰግድና ስትስል፣ ከመንገድ ተመልሳ የግቢውን በር ቁልፍ ስትከፍት፣ የቧንቧ ውኃ ድምፅ ስትሰማ ሽንቷ እንደሚያመልጣት፣ እንዲህ ሆና ቤተ መቅደስ መግባት እንደከበዳት እያለቀሰች ነገረችን። ውኃ መጠጣትም ከተወች ቆይታ ነበር።

በመጀመሪያ የሄድንባቸውን ሁለት የሕክምና ቦታዎች ስም ማንሳት አልፈልግም። በአንደኛው ሽንቷ እንኳ ሳይመረመር «ኢንፌክሽን ነው» ተብሎ ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ታዘዘላት፤ ሳይሻላት ሲቀርም ያው መድኃኒት ተደገመላት። በሌላው ደግሞ ስትስል እንደሚያመልጣት እንደሰሙ ወዲያው ስለ ቀዶ ጥገና አወሩን። ዘመድ ጎረቤቱ በበኩሉ «ብርድ መቷት ነው»፣ «የእርጅና ነው» ይለን ነበር። ያን ጊዜ ሁላችንም ያጣነው ለምን እንደሚያመልጣት የሚጠይቅ ሰው ነበር።

ያን ሰው ያገኘነው እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ በምትሠራ አንዲት የማኅፀን ሐኪም ዘንድ ነው። ዶክተሯ በመጀመሪያው ቀን ከመድኃኒት ማዘዣው ወረቀት ላይ ምንም ሳትጽፍ፣ እናቴን አጠገቧ አስቀምጣ ግማሽ ሰዓት ያህል አነጋገረቻት። የመጀመሪያው ጥያቄዋ ሽንቱ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ የሚፈስ ነው ወይስ መጥቶ የሚቆም የሚል ነበር። ለምን ከዚህ እንደጀመረች ስጠይቃት፣ ከረጅምና አስቸጋሪ ምጥ በኋላ ያለማቋረጥ የሚፈስ ሽንት ፊስቱላን፣ ማለትም በፊኛና በብልት መካከል የሚፈጠርን ቀዳዳ፣ ስለሚያመለክት መንገዱ ፈጽሞ ሌላ መሆኑን አስረዳችኝ። እንዲህ ያለ ምልክት ያላት እናት ወይም እህት በአካባቢያችሁ ካለች፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የተመሠረተው የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታልና በክልል ከተሞች ያሉት ቅርንጫፎቹ ሕክምናውን ያለ ክፍያ እንደሚሰጡ ንገሯት።

ከዚያ ቀጥሎ ሲያመልጣት ምን እያደረገች እንደነበር፣ ጠብታ ነው ወይስ ልብስ የሚያርስ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደምትነሣ፣ ሽንት ቤት ለመድረስ ትሮጥ እንደሆነ፣ ጨርሳ ስትነሣ ፊኛዋ ባዶ የሆነ ይመስላት እንደሆነ፣ ደም አይታ ታውቅ እንደሆነ፣ የሆድ ድርቀትና ቆየት ያለ ሳል እንዳለባት፣ ለደም ግፊት የምትወስደው ክኒን ሽንት የሚያበዛ ዓይነት መሆን አለመሆኑን ጠየቀቻት። የእናቴ መልስ ሁለቱንም ዋና ዋና ዓይነቶች የሚያመለክት ሆነ። ሆድ ሲጫን፣ ማለትም ሲስሉ፣ ሲያስነጥሱ ወይም ዕቃ ሲያነሡ የሚያመልጠው አንዱ ነው፤ ሽንት ድንገት አጣድፎ ሽንት ቤት ሳያደርስ የሚያመልጠው ደግሞ ሌላው ነው። ዶክተሯም «በወሬ ብቻ አልፈርድም» ብላ የሦስት ቀን የሽንት መዝገብ እንድንይዝ አዘዘችን።

ስለዚህ መዝገብ ትንሽ ልበል፤ ከሁሉ ይበልጥ ያስገረመኝ እርሱ ነውና። የሚያስፈልገው ባለ መስመር የፕላስቲክ ጆግ፣ ደብተርና ሰዓት ብቻ ነው። እናቴ ብዙ ስለማትጽፍ የ11 ዓመቱ ልጄ የአያቱ ጸሐፊ ሆነ፤ የጠጣችውን፣ የሸናችውን መጠንና ያመለጣትን ጊዜ ከነሰዓቱ መዘገበ። ለሌሊቱ ራሷ በመስመር ላይ መስመር እየጨመረች ታሰምር ነበር። በሦስተኛው ቀን ደብተሩን ስንከፍተው በአንድ ቀንና ሌሊት 14 ጊዜ ሸንታለች፤ አብዛኛው በአንድ ጊዜ ከ90 እስከ 130 ሚሊ ሊትር ብቻ ነበር። የጤናማ ሰው ፊኛ ብዙውን ጊዜ ከ300 እስከ 500 ሚሊ ሊትር እንደሚይዝ፣ በቀን እስከ ስምንት ጊዜ መሽናትም የተለመደ እንደሆነ ያን ጊዜ ተረዳን። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ከአቦል እስከ በረካ የምትጠጣው ቡና ወለል ብሎ ታየ፤ ውኃው ግን በቀን ሁለት ብርጭቆ አይሞላም ነበር። ቡናው ፊኛን ያነሣሣል፤ ከውኃ ማነስ የተነሣ የሚወፍረው ሽንትም እንዲሁ። ሽንት እንዳያመልጣት ብላ የተወችው ውኃ ራሱ ችግሩን ያባብስባት ነበር ማለት ነው።

የሽንት ምርመራው ኢንፌክሽን እንደሌለ አሳየ፤ የደም ስኳሯም ደህና ነበር። ሸንታ እንደጨረሰች በአልትራሳውንድ ሲታይ ፊኛዋ ውስጥ የቀረው 40 ሚሊ ሊትር ብቻ በመሆኑ፣ ፊኛው በደንብ ሳይወጣለት ሞልቶ የሚፈስ ዓይነት አለመሆኑ ተረጋገጠ። ቀጥሎ ፊኛዋ እንደሞላ እንድትስል ተደረገ። እዚህ ላይ ዶክተሯ ያስተዋለችውን ነገር አልረሳውም። ሆድ ሲጫን የሚያመልጠው ዓይነት ቢሆን ኖሮ ሽንቱ ከሳሉ ጋር እኩል ወጥቶ ወዲያው ይቆም ነበር፤ የእናቴ ግን ሳሉ ካለፈ ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ መጣ፣ ለመቆምም አስቸገረ። ሳሉ ፊኛዋን ቀስቅሶ እንዲጨመቅ አድርጎት ሊሆን እንደሚችል ነግራን፣ ይህን ለመለየት የፊኛ ግፊት ምርመራ አዘዘች።

ምርመራውን የሠራችው ሲስተር ናት፤ ከምስጋናዬ ትልቁ ድርሻም የእርሷ ነው። እናቴ አልጋው ላይ ወጥታ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሲስተር አንሶላ አልብሳት፣ በሩን ቆልፋ፣ እያንዳንዱን ነገር ከማድረጓ በፊት ትነግራት ነበር። አንዲት ቀጭን ቱቦ ወደ ፊኛዋ ገባች፤ ሌላዋ የሆድን ግፊት እንድትለካ በመቀመጫዋ በኩል ገባች፤ ኮምፒዩተሩም አንዱን ከሌላው እየቀነሰ የፊኛውን ጡንቻ ግፊት ብቻ ለይቶ በመስመር ያሳያል። ንጹሕ ውኃ በዝግታ ሲገባ «ሽንት መጣሁ መጣሁ ሲልዎት ይንገሩኝ» አለቻት። እናቴ እንዳያመልጣት ጥርሷን ስትነክስ ስታይ ደግሞ ሲስተር እጇን ይዛ «እናቴ፣ እኛ የምንፈልገው እንዲያመልጥዎት ነው፤ ካላመለጠዎት ምን አይተን እናክምዎታለን?» አለቻት። እናቴ ነጠላውን ከፊቷ ላይ ያወረደችው ያን ጊዜ ነው። 170 ሚሊ ሊትር እንደገባ፣ ሳትስልና ሳትንቀሳቀስ፣ የፊኛው መስመር ብቻውን ከፍ አለ፤ ሽንቱም አመለጠ። ፊኛዋ ሳይሞላና ሳይታዘዝ ይጨመቅ ነበር። ያ የታሰበው ቀዶ ጥገና ይህን አያክምም። ምርመራው ግማሽ ሰዓት ያህል ወሰደ፤ እስከ ማግስቱ ሲሸኑ ትንሽ የማቃጠል ስሜት ከመኖሩ በቀር የከፋ ሕመም አልነበረውም።

ይህ ምርመራ ለሁሉም ሴት ያስፈልጋል ማለቴ ግን አይደለም። ዶክተሯ እንዳስረዳችኝ፣ ስትስል ብቻ በሚያመልጣትና ሌላ ምልክት በሌላት ሴት ላይ ጥያቄው፣ መዝገቡና የሳል ምርመራው ሊበቁ ይችላሉ፤ በአሜሪካ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናትም እንዲህ ባሉ ሴቶች ላይ የግፊት ምርመራው የቀዶ ጥገናውን ውጤት እንዳላሻሻለ አሳይቷል። ለእናቴ ያስፈለገው ምልክቷ ድብልቅ ስለነበረና የሳል ምርመራው ሌላ ነገር ስላመለከተ ነው። ማሽን ያለው ሐኪም ማሽኑ የማያስፈልጋትን ሴት ለይቶ ሲመልስ ማየቴ እምነቴን ይበልጥ አጸናው።

ሕክምናው በመድኃኒት አልተጀመረም። ቡናው በቀን ወደ አንድ ሲኒ ወረደ፣ ውኃው ተጨመረ፣ ሽንት ሲያጣድፋት ቆማ ፊኛን ከታች የሚደግፈውን የዳሌ ወለል ጡንቻዋን እያጠበቀች በመጀመሪያ አምስት፣ ኋላም አሥራ አምስት ደቂቃ ማቆየት ተማረች። ሲስተር በየሳምንቱ እየደወለች ትከታተላት ነበር። በሦስተኛው ወር የተያዘው መዝገብ በቀን 8 ጊዜ ያሳያል፤ አንዳንዴ ዛሬም ያመልጣታል፣ ጨርቁን ግን ትታዋለች። ዘንድሮ በስቅለት ዕለት እስከ ማታ ሰግዳ ተመልሳለች።

ሁለቱም ስማቸው እንዳይጻፍ ስለጠየቁኝ እዚህ አላሰፈርኩም፤ አድራሻቸውን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እልካለሁ። ለመሄድ የምታስቡ፣ የሦስት ቀን መዝገባችሁንና የምትወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ ተራችሁ እስኪደርስም ሽንታችሁን አትሽኑ፣ የሳል ምርመራው የሚሠራው በሞላ ፊኛ ነውና። ሽንት ላይ ደም ያያችሁ ግን መዝገቡን ሳትጠብቁ ወዲያው ሂዱ። ዶክተር፣ ሲስተር፣ እናቴ «እግዚአብሔር ውለታችሁን ይክፈል፤ እኔ አልችለውም» ብላለች፤ እኔም ከእርሷ ጋር እጅ እነሣለሁ።