ጥርሱ ይነቀል ወይስ ሥሩ ይታከም?

ሌሊት ጥርስ ሲጠዘጥዝ ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ነቅላችሁ ገላግሉኝ!" ይገባኛል። ግን ከመወሰናችሁ በፊት ሁለቱን ጎን ለጎን እዩዋቸው።

ጊዜ፦ መንቀል ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀጠሮ ያልቃል። የሥር ሕክምና ሁለት ሦስቴ ሊያመላልስ ይችላል።

ወጪ፦ ማስነቀል ለጊዜው ርካሽ ነው። ቦታውን በሰው ሠራሽ ጥርስ ላስተካ ካላችሁ ግን ሒሳቡ ሊገለበጥ ይችላል።

ሕመም፦ ሁለቱም በማደንዘዣ ነው የሚሠሩት። የሥር ሕክምና ይበልጥ የሚያስፈራው ስሙ ነው። ሐኪሙ ጥርሱን ከላይ ይከፍታል፣ በቀጫጭን መሣሪያ የተበከለውን ነርቭ ያወጣል፣ ውስጡን አጥቦ ይሞላዋል። መንጋጋ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሽፋን ይደረግለታል፤ አለዚያ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ስጋት፦ የታከመ ጥርስ ዳግም ሊያመረቅዝ ይችላል። ሲነቀል ደግሞ የጎን ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ሊያዘነብሉ ይችላሉ፣ አጥንቱም እየሳሳ ይሄዳል። ቁስሉ ላይ የረጋው ደም እንዳይነሳ ለጥቂት ቀናት አታጭሱ፣ በስትሮም አትጠጡ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሕመሙ በራሱ ጠፋ ብላችሁ ቀጠሮ አትሰርዙ። ነርቩ ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ ኢንፌክሽኑ ግን ውስጥ ለውስጥ ይቀጥላል።

ጥርሱ ጠንካራ አካል ከቀረለት እኔ ማዳኑን እመርጣለሁ። እስከ ሥሩ ከተሰነጠቀ፣ በጣም ከተነቃነቀ ወይም መጨረሻ ላይ የሚበቅለውና ቦታ ያጣው መንጋጋ ከሆነ ግን ማስነቀሉ ይሻላል።