ነጭ ጋውን ለብሰው በራችንን ላንኳኩት ልጆች

ይሄን ጽሁፍ መጻፍ የነበረብኝ ከሦስት ወር በፊት ነው። ሥራ፣ መንገድ፣ የልጆች ፈተና እያልኩ አሳደርኩት። ባለፈው ሳምንት ግን እናቴ ጤና ጣቢያ ሄዳ ስትለካ የደም ግፊቷ ወርዶ 132 በ82 ሆኖ ተገኘ። ከዚህ በኋላ ዝም ማለት አላስቻለኝም።

ምስጋናዬ ለወሎ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎች፣ እነሱን ይዘው ሰፈር ለሰፈር ለሚዞሩት መምህራን እና ለሰፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነው። ስማቸውን የማልጠቅሰው ስላላስፈቀድኳቸው ነው። ካነበቡት ራሳቸውን ያውቁታል።

እናቴ የምትኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው። 64 ዓመቷ ነው። እኔ የምሠራው ኮምቦልቻ ስለሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ የሀረጎን ዳገት ወጥቼ እጠይቃታለሁ። ከዓመት በላይ "ራሴን ያዘኝ፣ ማጅራቴን ጨመደደኝ" ስትል ነበር። አንዴ ክሊኒክ ወስጃት ነበር። ክንዷን የነካው ሰው የለም። የራስ ምታት ኪኒን ተጻፈላትና ወጣን። እኔም ዕድሜ ነው፣ ብርድ ነው ብዬ ተውኩት። ይሄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጥር ላይ አንድ ቅዳሜ ረፋድ በሩ ተንኳኳ። ነጭ ጋውን የለበሱ አራት ልጆች ቆመዋል፤ ሦስት ሴት፣ አንድ ወንድ። ከፊታቸው የጤና ኤክስቴንሽኗ አለች። እሷን ባታይ ኖሮ እናቴ የምታስገባቸው አይመስለኝም። "አሰላሙ አለይኩም እማማ! የዩኒቨርሲቲ ልጆች ናቸው፣ ሰፈራችንን እያጠኑ ነው። ግፊትም ይለካሉ" አለች። ሰው ቤቱ የሚገኘው ቅዳሜ ነው ብለው ዕረፍታቸውን ትተው ነው የመጡት።

አቦሉ ገና መቀዳቱ ነበር። እናቴ የመጀመሪያውን ሲኒ ጨርሳ አስቀምጣለች። ልጁ ይሄን አየና ሰዓቱን ተመለከተ። "እማማ፣ ቡና ከጠጡ 30 ደቂቃ መቆየት አለብን። ቡና ግፊትን ለጊዜው ከፍ ያደርገዋል፤ አሁን ብንለካ ቁጥሩ ያሳስተናል" አላት። እናቴ ሌላ ቤት ጨርሰው እንዲመለሱ ነገረቻቸው። "እንጠብቅዎታለን" አሉና ቁጭ አሉ።

ሠላሳ ደቂቃ! ስንት ቤት የሚጠብቃቸው ልጆች ናቸው። እንግዳ ቁጭ ብሎ ደግሞ ያለ ቡና አይሆንም። ቶናው ለእነሱ ተቀዳ፤ እናቴ አልጠጣችም። እኛ ቤት ጀበና ተጥዶ ባለቤቷ ሳትጠጣ እንግዳ ሲጠጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በመሃል አንዷ ተማሪ ወረቀት አውጥታ ቀስ እያለች አነበበችላት። ጥናት እንደሆነ፣ ስሟ እንደማይጻፍ፣ ያልፈለገችውን ጥያቄ ማለፍ እንደምትችል፣ ደስ ካላላት መሃል ላይ ማቋረጥ እንደምትችል ነገረቻት። በጥናቱ ባትስማማም ግፊቷ ይለካላታል። "እምቢ ብል አትቀየሙም?" አለች እናቴ። "አንቀየምም እማማ፣ መብትዎ ነው።" እናቴ ትንሽ አሰብ አደረገችና "በሉ ጠይቁኝ፣ አብሽሩ" አለቻቸው። መብትሽ ነው ብሎ ወረቀት ያነበበላት ሰው ከዚያ በፊት የነበረ አይመስለኝም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ፊቷ ተፈታ።

ስለ ምግብ ሲጠይቋት "እኔ ጨው አላበዛም" አለች፣ እርግጠኛ ሆና። ልጅቷ አልተከራከረቻትም።

"በርበሬ ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል እማማ?"

"አዎ፣ ያለ ጨው ምን በርበሬ አለ!"

"ምጥን ሽሮው ላይስ?"

"ይገባል።"

"ወጡ ሲሠራስ?"

"ይቀመሳል፣ ካነሰው ይጨመራል።"

"ሦስት ጊዜ ገባ ማለት ነው እኮ።"

እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። እኔም ክው አልኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ የበላሁትን ሽሮ አንድም ቀን እንዲህ ቆጥሬው አላውቅም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚመክረው ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው፤ በግርድፉ አንድ የሻይ ማንኪያ። በ2007 ዓ.ም አገር አቀፍ ጥናት ሲደረግ የኛ ሰው በአማካይ ከ8 ግራም በላይ እንደሚበላ ታይቷል። ይሄን ቁጥር ሬዲዮ ላይ ብሰማው እረሳው ነበር። ከእናቴ ሽሮ ጋር ተያይዞ ስለሰማሁት ግን አልረሳውም። ልጅቷ ደግሞ ሽሮ ይቅር አላለቻትም። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው እንዲቀርና ወጡ ላይ ብቻ ትንሽ እንዲደረግ ነው የመከረቻት። የወሎን ቤት የምታውቅ ልጅ ናት።

ሰዓቱ ሲደርስ ወንበር ጠየቁ። በርጩማ አይሆንም፤ ጀርባዋ መደገፍ አለበት አሉ። እግሯ መሬት እንዲነካ፣ እንዳይነባበር። ሹራቧ ጠባብ ስለነበር ሁለቱ ሴቶች ወደ ጓዳ ይዘዋት ገቡና ሹራቡን አስወልቀው ነጠላ ደርበውላት ወጡ። በልብስ ላይ አይለካም፣ እሷም ሰው ፊት ክንዷን መግለጥ አትወድም፤ ሁለቱንም አሰቡበት። ክንዷን ጠረጴዛው ላይ በልቧ ልክ አስቀመጡት። "አሁን ለአምስት ደቂቃ ምንም አናወራም" አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። ከሰሉ ሲንጣጣ ብቻ ይሰማል።

178 በ104።

ትንሽ ቆይተው ደገሙት፤ 174 በ102። ሌላኛው ክንድም ተመሳሳይ ነው። ልጆቹ አልተደናገጡም፣ ቢያንስ እናቴ ፊት። አንዷ ወጣ ብላ ጎረቤት ቤት የነበረችውን መምህራቸውን ጠራቻት። መምህሯ ራሷ ለካቻት። ደረቷን ያማት እንደሆነ፣ ዓይኗ ይደበዝዛት እንደሆነ፣ እጅ እግሯ ይደነዝዝ እንደሆነ ጠየቀቻት። ከ140 በ90 ጀምሮ ከፍተኛ እንደሚባል፣ ግን በአንድ ቀን ልኬት ብቻ ሰው የግፊት በሽተኛ እንደማይባል አስረዳችን። እንዲህ ከፍ ሲል ደግሞ ችላ አይባልም፤ ሪፈር ጽፋ ሰጠችን። ሰኞ ጠዋት የጤና ኤክስቴንሽኗ ራሷ ጤና ጣቢያ ይዛት ሄደች። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ እሷ ባትኖር ኖሮ "ቅዳሜ እወስዳታለሁ" ብዬ ነገሩ ይረሳ ነበር። እንደገና በሌላ ቀን ተለክታ ሲረጋገጥ አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም በቀን አንድ ተጀመረላት። ስኳሯም ታየ፤ ደህና ነው።

ግፊት ብዙውን ጊዜ ምልክት የለውም። የእናቴ ራስ ምታት ራሱ የግፊቱ ነው ለማለት እንደማይቻል መምህሯ ነግራኛለች። ሰው ሳይሰማው ቆይቶ ስትሮክ ሆኖ፣ ኩላሊት ሆኖ ይመጣል። ያው የ2007ቱ ጥናት ከ100 ሰው ወደ 16 የሚሆነው ግፊቱ ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። በየመንገዳችን ስንት ቤት እንደሆነ አስቡት።

መምህሯን ቡና ላይ ጠየቅኳት፦ ተማሪ ሆስፒታል ውስጥ አይደል የሚማረው? የጤና ትምህርት በአገራችን ከመጀመሪያውም ወደ ሰው ቤት የሚወጣ ነበር አለችኝ። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም የህዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር ጤና መኮንኑን፣ ነርሷን፣ የአካባቢ ጤና ባለሙያውን በአንድ ቡድን አድርጎ ገጠር ይልክ ነበር። ጅማም ማህበረሰብ ውስጥ በማስተማር ነው ስሟ የተነሳው። የኛዎቹም ልጆች የተለያየ ትምህርት የሚማሩ ናቸው፤ አንዷ አዋላጅ፣ አንዷ ነርስ፣ ልጁ ጤና መኮንን፣ ያቺ ስለ ጨው የጠየቀችው ልጅ ደግሞ ሥነ ምግብ።

ለደሴ ይሄ ነገር የበለጠ ትርጉም አለው። በ2014 ጦርነቱ ከተማው ሲገባ ሆስፒታሉም ዩኒቨርሲቲውም ተዘርፈዋል። የግፊትና የስኳር መድኃኒት ያቋረጡ ስንቶች ነበሩ። የእናቴ ጎረቤት ያኔ ያቋረጡትን ኪኒን ደህና ነኝ ብለው እንደተዉት ቀሩ። የተመለሱት ዘንድሮ፣ እነዚህ ልጆች ከኛ ቤት ወጥተው የእሳቸውን በር ሲያንኳኩ ነው።

ከሁሉም በላይ የማመሰግናቸው ግን ተመልሰው በመምጣታቸው ነው። ጥናት ብሎ መዝግቦን የሄደ ብዙ ነው። እነዚህ ከሁለት ሳምንት በኋላ እናቴ መድኃኒቷን በአግባቡ መውሰዷን ሊያዩ መጡ። ከዚያ የዕድር ስብሰባ ላይ ተገኝተው በሰፈሩ ያዩትን በአማርኛ፣ ሁሉም በሚገባው ቋንቋ ተናገሩ። ግፊት የተገኘባቸውን ሰዎች ክትትል ለጤና ኤክስቴንሽኗ አስረክበው ነው የጨረሱት። ተማሪ ይመረቃል፣ ይሄዳል፤ እሷ ግን እዚያው ናት። ዩኒቨርሲቲው ይሄን አሠራር እንዳይተወው አደራ እላለሁ። ከከተማው ወጣ ወዳለው፣ ወደ ገራዶና ወደ ኩታበር በኩልም ቢበረታ ደስ ይለኛል።

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ ወላጆቻችሁ እዚያ የሆኑ፣ እነዚህ ልጆች በር ሲያንኳኩ አስከፍቱላቸው። መታወቂያቸውን ጠይቁ፣ ከጤና ኤክስቴንሽኗ ጋር መምጣታቸውን እዩ፣ ከዚያ ጊዜ ስጧቸው። እስኪመጡ ግን አትጠብቁ። በቅርባችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተለኩ፣ እናት አባቶቻችሁንም አስለኩ። ክንድ ሳይነካ መድኃኒት ሲጻፍላችሁ "ግፊቴን ለኩኝ" በሉ። እኔ ያኔ አላልኩም።

ትናንት ይሄን እንደምጽፍ ለእናቴ ስነግራት መልዕክት አለኝ አለች። "ለነዚያ ልጆች ንገራቸው። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ጀበናዬን የምጥደው ረፈድ አድርጌ ነው። ከመጡ መጀመሪያ ይለኩኝ፣ ከዚያ አቦሉንም አብረን እንጠጣለን በላቸው።"