የልጄን ድምፅ ላተረፉልን መምህር

ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢዋ ያላችሁ ወላጆች፣ ዘፈን የምትወድ ልጅ ካለቻችሁ ይሄን አንብቡልኝ።

ልጄ 17 ዓመቷ ነው፤ ሶፕራኖ ናት፣ ማለት ከፍተኛው የሴት ድምፅ ነው ያላት። የዛሬ ሁለት ዓመት «አይዳ» የሚባለውን የጣሊያናዊው አቀናባሪ የቬርዲን ኦፔራ አገኘች። አይዳ ግብፅ ውስጥ የተማረከች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። ሦስተኛው ክፍል ላይ አባይ ዳር ቆማ «አገሬን ዳግመኛ አላይም» እያለች ትዘፍናለች። ልጄ ትርጉሙን ስትነግረኝ እንባዬ መጣ። እሷ ደግሞ ያንን ዜማ ካልዘፈንኩ አለች።

የያኔ አስተማሪዋ እሺ አሏት። ዜማው እስከ ላይኛዋ ዶ፣ በጣም ከፍ እስካለችው ኖታ ድረስ ይወጣል። ለ15 ዓመት ልጅ! ብዙም ሳይቆይ ድምፅዋ ሻከረ፤ ጠዋት ጠዋት ማውራት እንኳን ያቅታት ጀመር።

የአሁኗ መምህሯ ጋ የሄድነው በጭንቀት ነው። ትንሽ አስዘፈኗትና አስቆሟት። የጉሮሮ ሐኪም ሳያያት አላስተምርም አሉ፤ የዚያን ቀን ክፍያም አልተቀበሉኝም። ሐኪሙ እረፍት አዘዘላት። ስትመለስ ለወራት የትንፋሽ ልምምድ ብቻ፣ ከዚያ ቀለል ያሉ የቆዩ የጣሊያን ዘፈኖች። ልጄ ተናደደች። ያኔ ነው መምህሯ ቁጭ አድርገው በአይዳ ስለታወቀችው ጥቁር አሜሪካዊት የኦፔራ ዘፋኝ ስለ ሊዮንታይን ፕራይስ ያጫወቷት።

ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1927 ሚሲሲፒ ውስጥ ሎረል በምትባል ከተማ ተወለደች። አባቷ እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ ይሠሩ ነበር፣ እናቷ አዋላጅ ነበሩ። ቤት የነበረውን የሸክላ ማጫወቻ ለፒያኖ ቀብድ አድርገው ሰጡላት። እኔን የነካኝ ይሄ ነው፤ ወላጅ ያለውን ሲሰጥ እንዲህ ነው። በልጅነቷ ታዋቂዋን ጥቁር አሜሪካዊት ዘፋኝ ማሪያን አንደርሰንን ልትሰማ ጃክሰን ድረስ ሄዳለች። ቢሆንም ኮሌጅ የገባችው የሙዚቃ አስተማሪ ልትሆን ነበር። ጁሊያርድ የሚባለው የኒው ዮርክ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የደረሰችው በ1948፣ በ21 ዓመቷ ነው። እዚያ ፍሎረንስ ፔጅ ኪምቦል የሚባሉ መምህር አገኘች፤ ታዋቂ ከሆነችም በኋላ አልተለየቻቸውም። ሁልጊዜ የምትጠቅሰው ምክራቸው፣ ከድምፅሽ ወለዱን ብይ፣ ዋናውን አትንኪ የሚል ነው።

አይዳን መድረክ ላይ መጀመሪያ የተጫወተችው በ1957 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ፣ በ30 ዓመቷ ነው። ያውም የተመደበችው ዘፋኝ ታማ። ትልቁ የኒው ዮርክ ኦፔራ ቤት ሜትሮፖሊታን ኦፔራ የገባችው በ1961፣ 34 ልትደፍን ሁለት ሳምንት ሲቀራት ነው። የኦፔራ መድረክን የተሰናበተችውም በ1985 በዚያው በአይዳ ነው፤ 58 ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት። ዋናው አልተነካማ!

ልጄ 30 የሚለውን ስትሰማ ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ ተከራክራ አታውቅም።

ዛሬ ድምፅዋ ጥርት ብሏል። ባለፈው ወር የተማሪዎች ዝግጅት ላይ አንዲት አጭር ዘፈን ዘፈነች፤ ሦስት ደቂቃ አትሞላም። ከኋላ ወንበር ተቀምጬ እያንዳንዷን ቃል ሰማሁ። መምህሬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጄን እንደ ልጅዎ አይተውልኛል።

ስማቸውንና ስልካቸውን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፤ እዚህ እንዳልጽፍ ነግረውኛል። ተማሪ የሚቀበሉት ጥቂት ነው፣ ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ደውሉ። ከ13 ዓመት በታች ላለች ልጅ ግን ኳየር ይበቃታል ብለው ይመልሷችኋል። በመጀመሪያው ቀን ልጅቷ የምትወደውን ማንኛውንም ዘፈን ይዛ ትምጣ፣ በአማርኛም ይሁን። ከማስተማራቸው በፊት መስማት ነው የሚፈልጉት።