«መላጫው በነፃ» ለሚል ማስታወቂያ የካርድ ቁጥራችሁን ከመስጠታችሁ በፊት

ሰሞኑን ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር አንድ ማስታወቂያ ይመጣብኛል። እናንተም ሳታዩት አትቀሩም። ከበድ ያለ የብረት እጀታ፣ አምስት ምላጭ የተደረደረበት ራስ፣ አንዲት ትንሽ የአረፋ ጣሳ። «የመጀመሪያው ጥቅል በነፃ ነው፤ እርስዎ የማድረሻውን ብቻ ይክፈሉ» ይላል። አንድ የቅርብ ጓደኛዬ ይህን ተቀብሎ በየወሩ ገንዘቡ ሲቆረጥ፣ አንገቱም ሲቆስል አይቻለሁ። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ይህንኑ ውል በተለያየ ስም የሚሸጡ ብዙ ስለሆኑ ዋናው አሠራሩን ማወቅ ነው።

በነፃ የሚሰጣችሁ እጀታው ነው። እጀታ አንዴ ከተገዛ ለዓመታት ያገለግላል፤ ሻጩ ቢሰጣችሁም ብዙ አይጎዳም። ትርፉ ያለው በየጊዜው የምትቀይሩት ራስ፣ ካርትሪጅ የሚባለው ላይ ነው። የጓደኛዬን እጀታ አገላብጬ አየሁት። አፉ ላይ ግራና ቀኝ ትናንሽ ጥርሶች አሉት፤ የሚይዙት የራሱን ካርትሪጅ ብቻ ነው። ከሱቅ ሌላ ዓይነት ገዝተን ሞከርን፤ ወይ ፍንክች። ስለዚህ በጥቅሉ የመጡት ካርትሪጆች ሲያልቁ ሁለት ምርጫ ብቻ ይቀራል፤ እጀታውን መጣል ወይም እነሱ ባሉት ዋጋ መግዛት።

የባሰው ደግሞ ውሉ ነው። ጓደኛዬ ሲመዘገብ «በየወሩ ይላክልኝ» የሚለው ሳጥን ቀድሞውኑ ምልክት ተደርጎበት ነበር። ጽሑፉ ከትልቁ «ቀጥል» ቁልፍ በታች፣ በደብዛዛ ግራጫ፣ ካላጎሉት በማይነበብ ፊደል ነው የተጻፈው። ክፍያ የማይቆረጥበት የሙከራ ጊዜ የሚቆጠረው ደግሞ ዕቃው እጃችሁ ከገባበት ቀን ሳይሆን ካዘዛችሁበት ቀን ጀምሮ ነው። ጥቅሉ መንገድ ላይ እያለ ጊዜው ይነጉዳል፤ ጓደኛዬ ጢሙን በቅጡ ሳይላጭበት የመጀመሪያው ክፍያ ተቆረጠ። ልሰርዝ ሲል መሰረዣ ቁልፍ አጣ። መልእክት ጻፈ። «ቢቆዩ ቅናሽ እናደርግልዎታለን» የሚል መልስ መጣ። እንደገና ጻፈ፣ እንደገና ቅናሽ ቀረበለት። በዚህ መሀል ሁለተኛው ሳጥን ደረሰ። በመጨረሻ ወደ ባንኩ ሄዶ ነው ያስቆመው። ይህ ሁሉ ጢም ለመላጨት!

አሁን ወደ ምላጩ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

ማስታወቂያው «አምስት ምላጭ፣ አምስት እጥፍ ጥራት» ይላል። አሜሪካዊው ነጋዴ ኪንግ ካምፕ ጂሌት ለሚጣለው ስስ ምላጭና ለመያዣው የባለቤትነት መብት ያገኘው በ1904 እ.ኤ.አ. ነው። ያ ባለ ሁለት አፍ ምላጭ እስከ ዛሬ ይመረታል። መብቱ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል፤ ቅርጹም የሁሉም ሆኗል። ማንም ይሥራው ማን፣ በማንኛውም ባለ ሁለት አፍ መላጫ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በ1971 እ.ኤ.አ. ሁለት ምላጭ ያለው ካርትሪጅ መጣ፣ በ1998 ሦስት ሆነ፣ በ2006 አምስት። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ዋጋው ጨመረ። ካርትሪጆቹም ከተሠሩለት እጀታ ውጪ የማይገቡ ሆኑ።

ባለ ብዙ ምላጩ እንዲህ ነው የሚሠራው። የመጀመሪያው ምላጭ ፀጉሩን ይነክስና ከበቀለበት የቆዳ ቀዳዳ ትንሽ ስቦ ያወጣዋል። ወደ ውስጥ ሳይመለስ ተከታዩ ይቆርጠዋል። የተቆረጠው ጫፍ ከዚያ ከቆዳው በታች ይገባል። እጅ ሲዳስሰው ልስልስ የሚለው ለዚህ ነው። ፀጉሩ ቀጥ ያለ ሰው ብዙም ላይቸገር ይችላል። ፀጉሩ ጥቅልል ለሆነ ሰው ግን መከራው የሚጀምረው እዚሁ ነው። ከቆዳ በታች ሾሎ የቀረው ፀጉር ሲያድግ ቀጥ ብሎ አይወጣም። ይታጠፍና የቀዳዳውን ግድግዳ ይወጋል። ሌላው ደግሞ ከወጣ በኋላ ቆልመም ብሎ ተመልሶ ቆዳው ውስጥ ይገባል። ሰውነት እንደ ባዕድ ነገር ቆጥሮ ይዋጋዋል። ያብጣል፣ ይቀላል፣ አንዳንዴ መግል ይይዛል። ሐኪሞች ሱዶፎሊኩላይተስ ባርቤ ይሉታል። ብዙዎቻችን «ብጉር ወጣብኝ» ብለን የምናልፈው ይኸው ነው።

የጓደኛዬን አንገት በብርሃን አይቼዋለሁ። ከመንጋጋው በታች፣ ኮሌታ በሚነካው ቦታ፣ ጠቆር ያሉ እብጠቶች ተደርድረዋል። በአንዱ ላይ ፀጉሩ በሁለቱም ጫፍ ቆዳ ውስጥ ገብቶ፣ መሀሉ ብቻ እንደ ቀለበት ወጥቶ ይታያል። እሱ ደግሞ «በደንብ ስላልተላጨሁ ነው» ብሎ በማግስቱ እዚያው ላይ ደገመው፣ ያውም ከታች ወደ ላይ። ከጥቅሉ ጋር የመጣው ወረቀት «ለበለጠ ልስላሴ በተቃራኒ አቅጣጫ ይድገሙ» ይላል። በጣም ያናደደኝ ይሄ ነው። ለጥቅልል ፀጉር ይህን መምከር በሰው ቆዳ ላይ መቀለድ ነው።

በደንብ ለመላጨት የሚያስፈልገው ብዙ ነገር አይደለም፤ ከሁሉ በፊት ውሃ ነው። ደረቅ ጢም በጣም ጠንካራ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ፀጉር ከምላጭ ብረት ወደ 50 እጥፍ የሚለሰልስ ሆኖ ሳለ እንዴት አፉን እንደሚሸርፈው አሳይተዋል። ውሃ የጠጣ ፀጉር ግን ይለሰልሳል፣ በቀላሉም ይቆረጣል። ስለዚህ ከሻወር በኋላ ተላጩ፤ ካልሆነ ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ፎጣ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ጢማችሁ ላይ አድርጉ። ይህን ደቂቃ ዘልሎ በምላጭ ብዛት ማካካስ አይቻልም።

ከዚያ የጢማችሁን አቅጣጫ እወቁ። ሳትላጩ አንድ ሁለት ቀን ቆዩና በጣታችሁ ዳስሱት። እጃችሁ ያለ ችግር የሚንሸራተትበት አቅጣጫ ፀጉሩ የሚበቅልበት ነው። ጉንጭ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ታች ነው። አንገት ላይ ግን ወደ ጎን ሊዞር፣ ወደ ላይም ሊሄድ ይችላል፤ ግራና ቀኙ ራሱ ሊለያይ ይችላል። በዚያው አቅጣጫ ተላጩ። ቆዳችሁንም በእጃችሁ አጥብቃችሁ አትወጥሩ፤ ሲወጠር ፀጉሩ ከልክ በላይ ያጥርና ሲለቀቅ ጫፉ ወደ ውስጥ ይገባል። እጃችሁን አቅልሉ። ጫን ካላላችሁ አልቆርጥ ካለ ምላጩ ደንዟል ማለት ነውና ቀይሩት። አጫጭር አድርጋችሁ ሳቡ፣ በየስበቱም እጠቡት።

ስለ ማጠብ ካነሳን፣ አምስት ምላጭ የተጠጋጋበት ራስ ላይ ፀጉርና አረፋ ይሰነቀራል። ቧንቧ ሥር ብታደርጉት አይለቅም። ሰው ያኔ ነው የመታጠቢያውን ጠርዝ በመላጫው የሚደበድበው፤ እንዲህ ሲደረግ ደግሞ አፉ ይጎዳል። አንድ ምላጭ ባለው መላጫ ግን ውሃ ፈስሶ ያልፋል፣ አለቀ።

ባለ ሁለት አፍ መላጫ መግዛት የምትፈልጉ፣ መጀመሪያ ላይ ቀስ በሉ። ራሱ እንደ ካርትሪጅ አይወዛወዝም፤ ምላጩ ከቆዳ ጋር ወደ 30 ዲግሪ እንዲሆን አድርጋችሁ የምትይዙት እናንተ ናችሁ። የመላጫው ክብደት ይበቃል፣ ከላይ መጫን አያስፈልግም። ጥቅሉ የተከፈተ፣ ወረቀቱ የረጠበ ወይም ጠርዙ የዛገ ምላጭ በነፃ ቢሰጣችሁም አትቀበሉ። የራሳችሁን ምላጭ ለማንም አታውሱ፣ የሌላም አትዋሱ፤ ሄፓታይተስ ቢና ሲ በደም ንክኪ ይተላለፋሉ።

አንገታችሁ ቀድሞውኑ ካበጠ ደግሞ ምንም ዓይነት መላጫ አትግዙ፣ ለጊዜው መላጨት አቁሙ። ማሳጠር የግድ ከሆነ በኤሌክትሪክ ማሽን ትንሽ አስቀርታችሁ አሳጥሩት። ገና ያልወጣውን ፀጉር በመርፌ ቆፍራችሁ አታውጡ፣ ጠባሳ ይተዋል። አልኮል የበዛበት ሽቶም አትቀቡበት። መግል ከያዘ ወይም እብጠቱ እየጠነከረና እያደገ ከሄደ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። «ለእብጠቱም ቅባት አለን» ብሎ ያው ሻጭ ሌላ ጥቅል ቢልክላችሁ እሺ እንዳትሉ።

ማስታወቂያው አሁንም እጃችሁን ከበላችሁ፣ ካርድ ከማስገባታችሁ በፊት እነዚህን አጣሩ። ካርትሪጁ ሌላ ቦታ ይሸጣል? የአንዱ ዋጋ ስንት ነው? የጥቅሉን ዋጋ ለቁጥሩ አካፍሉት። አንዱን ካርትሪጅ ከአንድ ተራ ምላጭ ጋር አወዳድሩ፤ ልዩነቱ ያስደነግጣችኋል። የሙከራ ጊዜው ከየትኛው ቀን ይቆጠራል? መሰረዣው የት ነው? መሰረዣውን ከመመዝገባችሁ በፊት ካላገኛችሁት በኋላም አታገኙትም።

ቀድማችሁ የገባችሁ ደግሞ ነገ ዛሬ ሳትሉ «ውሉን ሰርዣለሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከካርዴ ምንም እንዳይቆረጥ» ብላችሁ በጽሑፍ ላኩ። በስልክ ብቻ አትተዉት። የላካችሁትንና የተመለሰላችሁን ስክሪንሹት አንስታችሁ አስቀምጡ። ቅናሽ ቢያቀርቡላችሁ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ድገሙላቸው፣ ክርክር ውስጥ አትግቡ። ባንካችሁንም ለዚያ ድርጅት የሚደረገውን ክፍያ እንዲያግድ ጠይቁ። በሚቀጥለው ወርና ከዚያም በኋላ ባለው የሒሳብ መግለጫችሁን እዩ፤ የጓደኛዬ ሦስተኛው ክፍያ በሌላ ስም ነበር የመጣው።