የሴት ተማሪዎች ክበብ ለቀለሜዋ ልጅ ምን ይሰጣታል?

በመስከረም መጨረሻ ምዝገባ ሲጀመር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሴት ተማሪዎች ክበቦች ሁሉም አንድ ይመስላሉ። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ፣ አንዲት ተጠሪ መምህርት አሉ፣ በሳምንት አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ስብሰባ አለ። ልዩነቱ የሚታወቀው ኅዳር ላይ ነው። እዚህ የምንመዝነው ክበቡ ለአንድ ዓይነት ልጅ ምን እንደሚፈይድ ነው፦ ከፍ ያለ ውጤት ለምታልም፣ ከጓደኞቿ መቀያየም ለማትፈልግ፣ ምናልባትም ከወዲያኛው ዴስክ አንድ ልጅ ዓይኗ ውስጥ ለገባባት የ9ኛ ወይም የ11ኛ ክፍል ተማሪ። ፍርዳችንን ከአሁኑ ለመናገር፣ ክበቡ ጎበዝ የሚሆነው ብዙም በማይኮራበት ሥራ ነው፤ የሚኮራበት ደግሞ ለእሷ ብዙም አይጠቅማትም።

ከሁሉ በፊት ክፍሉ ይታይ። በብዙ ትምህርት ቤት ለወር አበባ የተለየች ትንሽ ክፍል አለች። ጥሩ የምትባለው ውኃና ሳሙና፣ ሞዴስ፣ የውስጥ ሱሪ፣ ትርፍ የዩኒፎርም ጉርድ፣ ጋደም የሚባልበት አልጋና ክዳን ያለው ቆሻሻ መጣያ ያላት ናት። አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ግን በዕቃ እጦት አይደለም፣ በቁልፍ ነው። ቁልፉ መምህርቷ ቦርሳ ውስጥ ከሆነና መምህርቷ ክፍል ገብተው እያስተማሩ ከሆነ፣ ክፍሉ የለም ማለት ነው። መፍትሔው ሁለት ቁልፍ ነው፤ አንዱ በየፈረቃው ለተመደበች ተማሪ፣ ሁለተኛው ሁልጊዜ ቦታው ላይ ለሚገኝ ሰው፣ ለምሳሌ ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ።

ሁለተኛው ብልሽት የሞዴስ አያያዝ ነው። መስከረም ላይ የተገዛው በእሽግ በእሽግ ይታደልና ጥር ሳይገባ ያልቃል። ሒሳቡ እኮ ከባድ አይደለም። 400 ሴት ተማሪ ባለበት ትምህርት ቤት በወር ከአሥር አንዷ ሳታስበው ቢመጣባት 40 ልጅ ነው። ለእያንዳንዷ ቤቷ እስክትደርስ ሁለት ሁለት ቢሰጣት 80፤ አሥር በሚይዝ እሽግ ሲታሰብ በወር 8፣ ለ10 ወር ደግሞ 80 እሽግ ይሆናል። እየታጠበ የሚሠራውን የጨርቅ ዓይነት የሚያድሉ ክበቦችም አሉ። ፍሬወይኒ መብራህቱ መቀሌ ውስጥ ያቋቋሙት ማርያም ሰባ ፋብሪካ በዚህ ሥራ የታወቀ ነው፤ እሳቸውም እ.ኤ.አ. በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብለዋል። ምርቱ ጥሩ ነው፣ ግን አጠባበቁ ካልተነገረ ዋጋ የለውም። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ ይዘፈዘፋል፤ ሙቅ ውኃ ደሙን ጨርቁ ላይ ያስቀረዋል። ከዚያ በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ልጆቹ አፍረው ፍራሽ ሥር ሲያደርቁት ርጥበቱ ሳይወጣ ይለበስና ማሳከክና ኢንፌክሽን ይመጣል።

ትንሽ ጊዜ ወስዶ ብዙ የሚጠቅመው ትምህርት የወር አበባ ቀን ቆጠራው ነው። የስልክ መተግበሪያዎቹ አብዛኞቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ ልጅቷ የምትኖረው ግን በእኛው ነው። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ ዑደቷ 28 የሆነ ልጅ ከመጣባት ቀን ላይ 2 ቀንሳ በሚቀጥለው ወር ትጽፋለች፦ መስከረም 10 ከነበረ ጥቅምት 8፣ ከዚያ ኅዳር 6። የሚያሳስተው ጳጉሜን ነው። ነሐሴ 20 የመጣባት ልጅ መስከረም 18 ብላ ትጠብቃለች፣ ጳጉሜን 5 ቀን ስትሆን ግን ቀኑ መስከረም 13 ነው፤ በትምህርት መክፈቻ ሰሞን ባዶ እጇን የምትያዘውም ለዚህ ነው። በእርግጥ በዚህ ዕድሜ ዑደቱ ከ21 እስከ 45 ቀን ሊለያይ ስለሚችል ጥቂት ወር መዝግቦ የራስን ማወቅ ይቀድማል። ክበቡ አብሮ መናገር ያለበት ነገር ደግሞ አለ፦ ይህ ቆጠራ ለመዘጋጀት እንጂ እርግዝናን ለመከላከል አይታመንም።

ወደ ትምህርቱ ስንመጣ ማጠናከሪያው ለደካማ ተማሪ ጥሩ ነው። ለቀለሜዋ ግን ወጥመድ አለው። ክፍል ውስጥ የ1ለ5 የጥናት ቡድን መሪ ናት፣ ክበቡ ደግሞ ሒሳብና ፊዚክስ እንድታስጠና ይመድባታል፣ ሊቀመንበር ሁኚም ይሏታል። ሦስቱ ሲደመሩ ከሰዓቷ የሚተርፍ የለም። በሳምንት አንድ ሰዓት ማስጠናት ራሷንም ያጠነክራታል፤ ማስረዳት ያቃታት ቦታ ያልገባት ቦታ ነውና። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን የሰውን ውጤት በራሷ ውጤት እየገዛች ነው። በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2016ቱ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ባለ ፈተና ፊት «እምቢ፣ አልችልም» ማለት ስስት አይደለም።

ክበቡ በጣም የሚኮራበት የካቲት 29፣ የሴቶች ቀን ነው። ቲሸርት ይታተማል፣ ግጥም ይነበባል፣ በሚኒ ሚዲያው ሙዚቃ ይለቀቃል፣ ድራማውም መቼም አንድ ነው፦ ወንድ ያታለላት ልጅ ትምህርቷን አቋርጣ ታለቅሳለች። ዝግጅቱ ሁለት ሦስት ሳምንት ይበላል። ልጆቹ ኮሪደር ላይ የሚከራከሩበት እውነተኛው ጉዳይ ግን መድረክ አይወጣም። «ለሴት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ይቀነሳል» ብሎ የሚያሾፍባትን ወንድ ቀለሜዋ ምን ብላ ትመልስለት? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ንዑስ 3 የድጋፍ እርምጃውን ከነምክንያቱ አስቀምጦታል፤ ካለፈው የእኩልነት ማጣት የወረሱትን ለማካካስ ይላል። ይህን አንቀጽ ይዞ ወንዶቹ ባሉበት 40 ደቂቃ መከራከር ከአሥር ግጥም ይበልጣል። ፌሚኒስት የሚለው ቃል በማኅበራዊ ሚዲያ ስድብ በሆነበት ጊዜ ልጅቷ የሚያስፈልጋት ጭብጨባ አይደለም፣ መልስ ነው። ለዚህ ከክበቡ ውጭ ማየትም ይቻላል። ሴታዊት አዲስ አበባ ላይ በዚሁ ጉዳይ የሚሠራ እንቅስቃሴ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ውስጥ የተጀመረው የሎው ሙቭመንት ደግሞ በቫለንታይን ቀን አበባ ሸጦ አቅም ለሌላቸው ሴት ተማሪዎች ገንዘብ ያሰባስብ ነበር። የፍቅርን ቀን እንዲህ መጠቀም ለክበቦቻችን አልታያቸውም።

ፍቅር ላይ ነው ክበቡ በጣም የሚደክመው። «መጀመሪያ ትምህርትሽ፣ ፍቅር ይደርሳል» ተብሎ ምዕራፉ ይዘጋል። ገና ያልጀመረችውን ላያስከፋ ይችላል፤ የጀመረችዋ ግን ከዚያ ቀን በኋላ አፏን ትዘጋለች፣ ችግር ሲመጣም ለማንም አትናገርም። የተሻሉት ክበቦች ጭውውት ያሠራሉ። ሁለት ልጆች ይቆማሉ፣ አንዷ ወንዱን ትሆናለች፣ አምስት ደቂቃ ይበቃል። «እኛ ቤት እናጥና፣ ሰው የለም» ይላታል። «ዛሬ አልችልም፣ ነገ ፈተና አለብኝ» ካለች ተሸንፋለች፤ ምክንያት ሰጥታዋለች፣ ምክንያት ደግሞ መፍትሔ አያጣም። «እሺ ከፈተናው በኋላ» ይላታል። «እቤት አልመጣም። ላይብረሪ ከሆነ እሺ» የሚለው ይጸናል፣ ልጁንም አያስቀይምም። «ስልክሽን ልይ፣ ፓስወርድ ስጪኝ» የሚለውም እንዲሁ መለማመጃ ያስፈልገዋል፤ ብዙ ልጆች ቅናቱን የፍቅር ማረጋገጫ አድርገው ይወስዱታል።

የትኛውም ክበብ ሲያለማምድ የማይታየው ሌላኛው ወገን ነው፦ ልጅቷ ራሷ ብትወደውስ? የጠበሳው ሁሉ ጠባሽ ወንድ ብቻ እንደሆነ ተደርጎ ይነገራታል። መውደዷን በራሷ ቃል መናገር፣ የት ድረስ እንደምትፈልግ ማወቅ፣ ልጁ «አይ» ቢላት ሳትዋረድ መመለስ ትምህርት ነው። ሕጉም አብሮ ይነገር። ጋብቻ ከ18 ዓመት በታች አይፈቀድም፤ ከ13 እስከ 18 ዓመት ካለች ልጅ ጋር የግብረ ሥጋ ግንኙነት ማድረግ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 626 ያስቀጣል፤ አድራጊው አስተማሪዋ ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል። 12ኛ ክፍል ውስጥ የ17 እና የ19 ዓመት ልጆች አንድ ዴስክ ላይ እንደሚቀመጡ እያወቁ ይህን አለመናገር ለወንዶቹም ደግ አይደለም።

ጓደኝነትን በተመለከተ አንድ ጥያቄ በመጀመሪያው ስብሰባ መጠየቅ አለበት፦ «እዚህ የተናገርነው ማን ጋ ይደርሳል?» መምህርቷ የትኛውን ለወላጅ፣ የትኛውን ለዩኒት ሊደር እንደሚነግሩ፣ የትኛው እዚያው እንደሚቀር በግልጽ ካልመለሱ፣ የልብን ለዚያ ክበብ ማውጣት አይመከርም። ክበብ ውስጥ የወጣ ምሥጢር ሁለት የልብ ጓደኛሞችን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሊያኳርፍ ይችላል። የጥቆማ ሣጥን ካለም የተቀመጠበት ቦታ ይታይ፤ ርእሰ መምህሩ በር ላይ ከተሰቀለ ማንም ወረቀት አይከትበትም።

ለመግባት 9ኛ ክፍል ጥሩ ነው፤ ሊቀመንበርነት ከተፈለገ 10ኛ ክፍል ተይዞ በ11ኛ ሁለተኛ ሴሚስተር ለሌላ ይተላለፍ። 12ኛ ክፍል ላይ ከክበቡ የሚጠበቀው አንድ ነገር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ተማሪ የሚፈተነው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እያደረ ስለሆነ፣ ባለፈው ዓመት የሄደች ልጅ ግንቦት ላይ መጥታ ግማሽ ሰዓት ታስረዳ፦ ምን ማስገባት ይፈቀዳል፣ መታጠቢያው እንዴት ነው፣ ማታ መብራት ቢጠፋ ምን ይደረጋል። ቀኗ ባይሆንም እንኳ የአንድ ወር ሞዴስ ሻንጣዋ ውስጥ ይግባ፤ ጭንቀትና መንገድ ዑደቱን ያዛባሉ፣ ከግቢ ወጥቶ መግዛትም አይቻልም።